ሰውን ከሰው በታች ማየትን ማጥናት፦ ከመመረቂያ ጽሑፍ እስከ ተመራማሪነት

ጠያቂዋ በሶሻል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሊጨርሱ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል። ሰው ሌላውን ወገን ከሰው በታች አድርጎ የሚያየው ለምንና መቼ እንደሆነ ማጥናት የዕድሜ ልክ ሥራቸው እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለመመረቂያ «የጥላቻ ንግግር በብሔር ግጭት ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ መርጠው፣ ለ200 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጠይቅ ሊበትኑ አስበዋል። ርዕሱ ያዋጣል ወይ? ከዚያስ ፒኤችዲ ውጭ መማር ግድ ነው ወይ፣ እንዴትስ ይገባል? የሚል ነው ጥያቄያቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥናት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከርዕሱ ልጀምር። እንዳለ ከተወሰደ አያዋጣም፤ ችግሩም የናሙና ማነስ ብቻ አይደለም። መጠይቁ ውስጥ ግጭት የለም፣ ተማሪዎች ስለ ግጭት ያላቸው አስተያየት ነው ያለው። የጥላቻ ንግግር የሰማውን ካልሰማው ለመለየትም አያስችልም፤ ሁሉም ሰምቷልና። በመጨረሻ እጅዎ ላይ የሚቀረው «የጥላቻ ንግግር ግጭትን ያባብሳል ብለው የሚያምኑ ተማሪዎች ይህን ያህል በመቶ ናቸው» የሚል ቁጥር ነው። ከዚያ ተነስቶ ስለ ተጽዕኖ መደምደም ውሃ አያነሳም። ደግሞም ርዕሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል፦ ንግግሩ ሰሚው ሌላውን የሚያይበትን ዓይን ይለውጣል፤ የተለወጠው ዓይን ጥቃትን ለመደገፍ ያዘጋጃል፤ ድጋፉ ወደ ድርጊት ይሻገራል። በመስኩ ዛሬ ክርክሩ ያለው በእነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። እዚህ ሙያ ውስጥ ሰው የሚባለው ከሦስቱ አንዱን መርጦ፣ መጥላትንና ሰብአዊነትን መንፈግን ለያይቶ መለካት የቻለ ተመራማሪ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ክርክሩን ለመከተል የሚያስፈልገው ታሪክ ብዙ አይደለም። ኸርበርት ኬልማን በ1973 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በቬትናም «ሚ ላይ» በተባለችው መንደር እንደተፈጸመው ያለ ጭፍጨፋ እንዴት እንደሚቻል ሲያብራሩ፣ የተራ ሰው የሕሊና ልጓም በሦስት መንገድ እንደሚላላ አስቀመጡ፦ ትእዛዝና ፈቃድ ከላይ ሲመጣ፣ ሥራው በጥቃቅን የዕለት ተግባር ሲከፋፈል፣ የተጠቂው ሰውነት ሲካድ። አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቻቸው በ1975 ነገሩን ወደ ላቦራቶሪ አስገቡት። ተሳታፊዎች፣ ሌሎች ሰዎች ውሳኔ ሲሳሳቱ ከ1 እስከ 10 በሚደርስ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲቀጡ ተነገራቸው፤ ንዝረቱ እውነተኛ አልነበረም። ከዚያ በፊት ግን ስለሚቀጡት ሰዎች የተሰጠ አስተያየት በድምፅ ማስተላለፊያ በአጋጣሚ እንደሚሰሙ ተደርጎ ተሰማቸው። ለአንዳንዶቹ «አስተዋዮች ናቸው» ተባለ፣ ለአንዳንዶቹ «እንስሳ መሰል፣ የበሰበሱ ናቸው» ተባለ፣ ለቀሩት ምንም አልተባለም። እንስሳ መሰል የተባሉት ከሁሉ የከበደውን ቅጣት ተቀበሉ፣ የተመሰገኑት ቀላሉን።

ከዚያ በኋላ መስኩ ለሃያ አምስት ዓመት ያህል ብዙም አልተንቀሳቀሰም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቤልጅየሙ ዣክ-ፊሊፕ ሌየንስ ቡድን አዲስ በር ከፈተ። ሰዎች ፍርሃትን፣ ንዴትን፣ ደስታን ለሌላው ወገን ሳይሰስቱ ይሰጣሉ፤ ጸጸትን፣ ናፍቆትን፣ ተስፋን የመሰሉትን ረቂቅ ስሜቶች ግን ለራሳቸው ወገን ያደላሉ ሲል አሳየ። ይህ ጦርነት በሌለበትም፣ ጠላትነት በሌለበትም የሚታይ ነገር ነው። በ2006 የሜልቦርኑ ኒክ ሃስላም ጽንሰ ሐሳቡን ለሁለት ከፈሉት፤ ሰውን ወደ እንስሳ ማውረድና ሰውን እንደ ማሽን ማየት። ሁለተኛውን እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት የተሰማሩ እህቶቻችን የሚገጥማቸው አያያዝ ከጅብና ከጦጣ ስድብ ይልቅ ወደዚህ ይቀርባል፤ ድካም፣ ሕመም፣ ናፍቆት የማይሰማው የሥራ ዕቃ አድርጎ ማየት። በዚህ ላይ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የተሠራ ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ገና ያልታረሰ መሬት ነው።

በ2015 ኑር ክቴይሊ፣ ኤሚል ብሩኖ፣ አዳም ዌይትዝና ሣራ ኮተሪል ግልጹን ንቀት በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ አወጡ። ብሩኖ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ግጭት ኒውሮሳይንስ ላቦራቶሪን ሲመሩ ቆይተው በ2020 በአንጎል ካንሰር በለጋ ዕድሜያቸው አርፈዋል፤ መስኩ ዛሬም እጦታቸው ይሰማዋል። መሣሪያው አንድ ሥዕል ነው። አምስት ጥላዎች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያው አጎንብሶ የሚሄድ ጦጣ መሰል ፍጡር፣ መጨረሻው ቀጥ ብሎ የሚራመድ የዛሬ ሰው። ከሥሩ ከ0 እስከ 100 የሚንሸራተት መስመር አለ። ተጠያቂው እያንዳንዱን ሕዝብ መስመሩ ላይ ያስቀምጣል። በአንዱ የአሜሪካ ናሙና አሜሪካውያን 91.5 ሲያገኙ ሙስሊሞች 77.6 አገኙ። ከዚያ በፊት ብዙ ተመራማሪ፣ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይናገርም፣ በተዘዋዋሪ ካልሆነ አይያዝም ብሎ ያምን ነበር።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ፕሮፖዛል የሚገመግም ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቅዎ ይህንን ነው። የዮርክ ዩኒቨርሲቲዋ ሐሪየት ኦቨርና ባልደረቦቿ በ2021 ቀላል ግን ከባድ ጥያቄ አነሱ። በቀደሙት ጥናቶች «የሰው ልጅ ባሕርይ» ተብለው የተዘረዘሩት ቃላት በአብዛኛው መልካም ናቸው፤ ጨዋነት፣ አስተዋይነት፣ ለጋስነት። ምቀኝነት፣ ትዕቢት፣ ሙሰኝነትም እኮ የሰው ብቻ ናቸው፤ ጅብ አይታበይም፣ ጉቦም አይበላም። እነዚህ ሲጨመሩ ሰዎች መጥፎዎቹን ሰዋዊ ባሕርያት ለሌላው ወገን አብዝተው ሰጡ። እንግዲህ ያ ሁሉ ጥናት የለካው ሰብአዊነትን መንፈግን ነው ወይስ አለመውደድን? በሌላ በኩል በ2017 ታጅ ራይና ባልደረቦቹ፣ ከሰው በታች ማየት ለጥቅም ሲባል የሚፈጸምን ጥቃት እንደሚያባብስ፣ «ይገባዋል» ተብሎ የሚፈጸምን ጥቃት ግን እንደማያባብስ አሳዩ። ነገሩ ይገባል፤ የሚበቀል ሰው የሚበቀለው ወገን እንዲያውቅለት፣ እንዲዋረድ፣ እንዲጸጸት ይፈልጋል፤ ይህን ከድንጋይና ከእንስሳ ማንም አይጠብቅም። በ2022 አሌክሳንደር ላንድሪና ሁለት ባልደረቦቹ ከ1927 እስከ 1945 የወጡ የናዚ ፕሮፓጋንዳ ጽሑፎችን መረመሩ። ወደ እልቂቱ በሚወስዱት ዓመታት የአይሁዶችን ስሜትና ሕመም የሚጠቅሱ ቃላት ቀነሱ፤ እልቂቱ ከተጀመረ በኋላ ግን ዕቅድና ሴራን የሚጠቁሙ ቃላት ጨመሩ። ማለትም ተጠቂው አእምሮ እንደሌለው ተቆጠረ ብቻ ሳይሆን፣ ተንኮለኛ አእምሮ ያለው ተብሎም ተሣለ።

እኔ ከዚህ ክርክር የምወስደው አቋም ግልጽ ነው፤ ሰብአዊነትን መንፈግ እውነተኛ ነገር ነው፣ ነገር ግን የጥቃት ሁሉ ቁልፍ አይደለም። ሩዋንዳን ይመልከቱ። በዘር ጭፍጨፋው ወቅት «በረሮ» የሚለው ስድብ በቱትሲዎች ላይ በሬዲዮ መነገሩ በሩዋንዳ ጉዳይ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የ2003 ብይን ጭምር የተመዘገበ ነው። ስኮት ስትራውስ በእስር ያሉ ከ200 በላይ ፈጻሚዎችን ሲያነጋግር ግን ከሁሉ በላይ ያገኘው የጦርነት ፍርሃት፣ የባለሥልጣንና የጎረቤት ግፊት ነበር። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ እዚያው ሩዋንዳ የሠራችውና በ2009 ያሳተመችው የመስክ ሙከራም ለእርስዎ አርአያ ይሁን። አንዳንድ ማኅበረሰቦች ለአንድ ዓመት ያህል ስለ ዕርቅ የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ አዳመጡ፣ ሌሎቹ ስለ ጤና የሚተርክ። ድራማው የሰዎችን የግል እምነት እምብዛም አልለወጠም፤ «በእኛ ዘንድ ምን ይደረጋል፣ ምን ነውር ነው» የሚለውን ግምታቸውንና አድራጎታቸውን ግን ለወጠ።

ለመመረቂያዎ የምመክረው ከዚህ ሁሉ የጠበበ ነው፤ መለኪያ ያብጁ። በአገራችን ቋንቋዎች የተፈተሸ የሰብአዊነት መንፈግ መለኪያ ካዘጋጁ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት እርስዎም ሌላውም የሚጠቀምበት ሥራ ይሆናል። አንድ ዓመትም ይበቃዋል።

የእነ ክቴይሊን የጥላዎች ሥዕል እንዳለ ይዘው ወደ መስክ አይውጡ። ብዙ ተጠያቂ ሰው ከጦጣ መጣ የሚለውን በሃይማኖቱ ምክንያት አይቀበልም። ካርዱን ሲያይ ወይ ያቆማል፣ ወይ ለሁሉም ሕዝብ 100 ሰጥቶ ይገላገላል፤ ያ 100 ስለ ሥዕሉ የተሰጠ ተቃውሞ እንጂ ስለ ሕዝቦቹ የተሰጠ መልስ አይደለም። ስለዚህ በቃላት የተሠራ መለኪያ ይጠቀሙ። ከ20 እስከ 24 ባሕርያት ይምረጡ፤ ግማሹ ሰውን ከእንስሳ የሚለይ፣ ግማሹ ሰውም እንስሳም የሚጋራው፤ በሁለቱም ውስጥ ግማሹ መልካም፣ ግማሹ መጥፎ ይሁን። በዚህ አራት ሳጥን ብቻ ነው የእነ ኦቨርን ጥያቄ መመለስ የሚቻለው። የትኛው ባሕርይ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ እርስዎ አይወስኑ፤ በዋናው ጥናት የማይሳተፉ 40 ያህል ሰዎች «ይህ የሰው ብቻ ነው?» እና «ይህ ደግ ነው ክፉ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ነጥብ ይስጡበት። ከጎኑ የግድ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ የመውደድና የመጥላት ቴርሞሜትር ያኑሩ። ጥላቻው በስሌት ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፍ ነገር ከሌለ፣ የለኩት ጥላቻን ነው፤ ይህንኑ በሐቅ ይጻፉ።

ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚጠቀሙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሁለት ተርጓሚዎች ሳይነጋገሩ ይተርጉሙ፣ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው መልሶ ይተርጉም፣ ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጠው ልዩነቱን ይፍቱ። ቀጥሎ በየቋንቋው ከ10 እስከ 15 ሰው ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ጥያቄ «በራስዎ አባባል ይንገሩኝ፣ ለምን ይህን ቁጥር መረጡ?» እያሉ ይሞክሩት። ብዙ ተማሪ የሚዘልለው ይህን ደረጃ ነው፤ በኋላ በስሌት የማይጠገነው ስሕተትም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ መለኪያው በሁለቱ ቋንቋ እኩል መሥራቱን ጥያቄዎቹ እንደታሰበው መቧደናቸውን በሚፈትሸው ስሌት፣ በኮንፈርማቶሪ ፋክተር አናሊሲስ፣ በሦስት ደረጃ ይፈትሹ፦ መዋቅሩ፣ ሎዲንጉ (እያንዳንዱ ጥያቄ ከሚለካው ነገር ጋር ያለው ትስስር)፣ ኢንተርሴፕቱ (የእያንዳንዱ ጥያቄ መነሻ ነጥብ)። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፉ ሞዴሉ ከመረጃው ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየው ሲኤፍአይ የሚባለው መጠን ከ0.01 በላይ ከወረደ፣ የሁለቱን ቋንቋ ተናጋሪዎች አማካይ ማወዳደር አይችሉም። በአገራችን ሁኔታ ይህ የፖለቲካም ጥንቃቄ ነው፤ «የዚህ ብሔር ሰዎች ከዚያኛው ይልቅ ሌላውን ይንቃሉ» የሚል አረፍተ ነገር በተሳሳተ መለኪያ ከወጣ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

የመልሶቹ ሥርጭት ደወል መሰል አይሆንም፤ ብዙ ሰው ለራሱም ለሌላውም እኩል ነጥብ ይሰጣልና ልዩነቱ ዜሮ ላይ ይከመራል። አማካዩን ብቻ አይዘግቡ። በመጀመሪያ ሌላውን ዝቅ ያደረጉት ስንት በመቶ እንደሆኑ፣ ከዚያ ዝቅ ካደረጉት መካከል በምን ያህል እንደሆነ ለየብቻ ያስሉ። ሕዝቦቹ የሚጠየቁበት ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ ተጠያቂ ይቀያየር፤ ኮቦቱልቦክስ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ይህን ያለ ኢንተርኔትም ማድረግ ይቻላል። የጠያቂው ስምና አነጋገር ብሔሩን ስለሚጠቁም፣ ማን ማንን እንደጠየቀ በኮድ ይመዝገብ፤ ያ ካልተመዘገበ ጨዋ መልስ የመጣው ከጨዋነት ይሁን ከፍርሃት መለየት አይቻልም።

ስለ ቁጥር። ሁለት ቡድን አወዳድረው መካከለኛ ልዩነትን፣ ማለትም 0.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን ለመያዝ 80 በመቶ ዕድል እንዲኖርዎ በየቡድኑ 64 ሰው ይበቃል። ልዩነቱ 0.4 ከሆነ 100 ያህል፣ 0.2 ከሆነ ደግሞ 394 በየቡድኑ ያስፈልጋል። በዚህ መስክ አመለካከትን ለመለወጥ የታቀዱ ሥራዎች የሚያስገኙት ውጤት በአብዛኛው ወደ መጨረሻው ይቀርባሉ። ተዛምዶ ለማስላት ደግሞ ወደ 250 ሰው ሲደርስ ነው ቁጥሩ መዋለል የሚተወው። የእርስዎ 200 ተማሪ ለመለኪያ ፍተሻ ወደ 300 ቢያድግ፣ ከእነሱም 60ዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግመው ቢሞሉ መልካም ነው። ወደ ቀበሌ ከወጡ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ከ20 ቀበሌ 20፣ 20 ሰው ወስደው የአንድ ቀበሌ ሰዎች መመሳሰል 0.05 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የስሕተቱ ቫሪያንስ (የስሕተቱ ካሬ) በ1.95 ይባዛል፤ 400 ሰው ጠይቀው የሚያገኙት መረጃ 205 ሰው በዘፈቀደ ቢጠይቁ ከሚያገኙት አይበልጥም። በቀበሌ ብዙ ሰው ከመጠየቅ ብዙ ቀበሌ መጨመር ይሻላል።

መላምትዎን ከመረጃው በፊት ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ በተባለው የጥናት ዕቅድ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ያስመዝግቡ። በ2015 በወጣ ትልቅ የድጋሚ ሙከራ 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶች ሲደገሙ 36 በመቶው ብቻ ነው የጸናው፤ በሶሻል ሳይኮሎጂ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። በአገራችን ማስተማሪያ ጽሑፎች እንደ እውነት የሚጠቀሰው የ1971ዱ የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራም ጠባቂዎቹ እንዴት መሆን እንዳለባቸው አስቀድሞ ይነገራቸው እንደነበር በማኅደሩ ምርመራ ወጥቷል። በፕሮፖዛልዎ ላይ ዋና መሠረት አያድርጉት።

ከሰው መጠየቅ ይልቅ ጽሑፍ መመርመር የሚቀናዎ ከሆነ ሁለት ጥሩ ምንጮች አሉ። አንዱ የፋሺስት ጣልያን የዘረኝነት መጽሔት «ላ ዲፌሳ ዴላ ራዛ» ነው። በፈረንጆች ከ1938 እስከ 1943 ወጥቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ አገራችን በወረራ ሥር የነበረችበት ዘመን ነው። የሚላኖ ቢኮካ ዩኒቨርሲቲዋ ኪያራ ቮልፓቶና ባልደረቦቿ ሥዕሎቹን በዚህ ዓይን መርምረዋቸዋል፤ ከተሣሉት ወገን የሆነ ተመራማሪ ግን ያላነሷቸውን ጥያቄዎች ሊያነሳ ይችላል። ሌላው ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። የባሕር ዳርና የሐምቡርግ ተመራማሪዎች የጥላቻ ንግግር የሆነውና ያልሆነው በምልክት የተለየበት የአማርኛ የመረጃ ስብስብ አዘጋጅተዋል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው የቃላት ዝርዝር ነው። «አንበሳ» እና «ነብር» በእኛ ዘንድ ሙገሳ ናቸው፤ እንስሳ የጠራን ሁሉ የሚይዝ ዝርዝር የአድናቆት ጽሑፍ ሰብስቦ ያመጣል። «አረም»፣ «ነቀርሳ» እና «ተባይ» ደግሞ በግብርናና በሕክምና ጽሑፍም ይገኛሉ። ስለዚህ ቃሉ ወደ ማን እንደተሰነዘረና ምን እንዲደረግ እንደሚጋብዝ በሰው ዓይን መለየት አለበት። ቢያንስ ሁለት ኮድ ሰጪዎች፣ ከተለያየ ወገን ቢሆኑ ይመረጣል፣ ሳይነጋገሩ ይሥሩ። የኮድ ሰጪዎቹን ስምምነት የሚለካው የክሪፐንዶርፍ አልፋ 0.80 ካልደረሰ የኮድ መመሪያውን ያርሙ፤ ከ0.667 በታች ከሆነ መረጃው ለድምዳሜ አይበቃም። በቀን ለረጅም ሰዓት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ መቀመጥ ጤናን ይጎዳል፤ የሚያነቡት ስለ ራሳቸው ወገን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የክፍያና የፈረቃ ዕቅድ ሲያወጡ ይህን አስቀድመው ያስሉ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ስለ ሁለት ነገር ያጠብቅብዎታል፣ ማጥበቁም ተገቢ ነው። ለተሳታፊ አዋራጅ ጽሑፍ የሚያሳዩ ከሆነ፣ ቀድሞ በነበረበት ስሜት ወደ ቤቱ እንዲሄድ በመጨረሻ ማስረጃና ማብራሪያ ይስጡ፤ እውነተኛ ሕዝብን በሚመለከት አዲስ ስድብ ፈጥሮ ማሰራጨት በፍጹም አይፈቀድም፣ ምናባዊ ቡድን ይጠቀሙ። ሁለተኛው የመረጃ ጥበቃ ነው። የብሔር ማንነት በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚያስፈልገው መረጃ ነው፤ ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር ከመልሱ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለሳይንሳዊ ጥናት ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ያ ግን የጥናት ናሙናዎችዎን በፌስቡክ ገጽዎ ላይ እንዲለጥፉ ፈቃድ አይሆንም።

ፒኤችዲ ውጭ መማር ግድ አይደለም። ግድ የሚሆነው በመለኪያና በሙከራ ንድፍ የሠለጠነ አማካሪ ነው፤ አገር ውስጥ ከተገኘ፣ ከውጭ ሁለተኛ አማካሪ ጨምሮ መሥራት ይቻላል። አገር ውስጥ ያለው ዋና ችግር የማስተማር ጫናው የምርምር ጊዜን መብላቱ ነው። ለአሜሪካ ከሆነ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ክፍያውን ነጻ አድርገው የኑሮ ድጎማ ይሰጣሉ፤ ማመልከቻው በአብዛኛው በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ ይዘጋል፤ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልዎ በኢሜይል መጠየቅ የተለመደ ነው። በአውሮፓ ብዙ ቦታ የፒኤችዲ ቦታ እንደ ሥራ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ደመወዝ አለው፣ ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው፤ ርዕሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተወስኖ ይመጣል። ሲፈልጉ የሳይኮሎጂ ክፍል ብቻ አይመልከቱ፤ ክቴይሊ የሚያስተምረው በኖርዝዌስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ነው፣ የብሩኖ ላቦራቶሪ የነበረው በኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት ድኅረ ዶክትሬት፣ ቀጥሎ ረዳት ፕሮፌሰርነት፣ በአሜሪካ በስድስተኛው ዓመት ገደማ የቋሚነት ግምገማ። ቦታው ጥቂት ነው፣ አመልካቹ ብዙ፤ ስታቲስቲክስን በጥልቀት የያዘ ሰው ግን በዩኒቨርሲቲ ባይቀጠር በሰላም ግንባታ ድርጅትና በመረጃ ትንተና ሥራ ያገኛል።

እስከዚያው ከአሁን ጀምሮ አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራምና ለእሱ የተሠራውን ላቫን የተባለ ተጨማሪ ጥቅል ይማሩ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ላይሰንስ የሌለው ኤስፒኤስኤስ ፍለጋ አያስፈልግዎትም። ጽሑፎችን ለታዳጊ አገሮች ተቋማት ጆርናሎችን በሚያቀርበው በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ያግኙ፤ ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያገኙት አገሮች መካከል ናት፣ ብዙ ክፍት ጆርናሎችም ለእኛ የኅትመት ክፍያ ያነሳሉ። በሳምንት ውስጥ ተቀብለናል ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጆርናል ላይ አያሳትሙ፤ የአመልካች ማኅደር ላይ ጠባሳ ነው። እንደ ፈረንጆች ከ2017 ጀምሮ ያለው ሳይኮሎጂካል ሳይንስ አክሰለሬተር የተባለ የላቦራቶሪዎች መረብ ደግሞ ከየአገሩ መረጃ ሰብሳቢዎችን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ አንድ አማካሪ ይዘው ቢገቡ በትልቅ ጥናት ላይ ተባባሪ ጸሐፊ የመሆን ዕድል አለ።

ለአማካሪ የሚጽፉትን ኢሜይል በነሐሴና በመስከረም መካከል ይላኩ። ከ250 ቃል አይብለጥ። በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በሁለተኛው አንቀጽ ካነበቡት ሥራቸው ውስጥ አንዱን ጠቅሰው፣ በእርስዎ መረጃ ላይ ምን እንደሚፈተሽ ይግለጹ፤ የመመረቂያዎን የሁለት ገጽ ማጠቃለያና የተመዘገበውን መላምት ሊንክ ያያይዙ። ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከላኩ ይታወቃል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያም ዝም ከተባለ ወደሚቀጥለው ስም ይለፉ።